«ቶዮታ ናት» ማለት መልስ አይደለም

እኛ ሰፈር መኪና ሲሸጥ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ምንድን ናት?» መልሱም አንድ ነው፤ «ቶዮታ ናት»። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ሻጩ ደረቱን ይነፋል፣ ደላላው ኮሚሽኑን በልቡ ያሰላል፣ ገዢው ደግሞ የቀረችውን ጥቂት ጥርጣሬ ዋጥ አድርጎ ኪሱን ይዳብሳል። ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ ጉለሌን ብትዞሩ ከዚህ የተለየ ነገር አትሰሙም። «ቶዮታ ናት» ማለት «ጨርሰናል» ማለት ነው።

እኛ ግን አልጨረስንም። ይህችን የምንጽፈውም ለዚያ ነው።

አስቀድመን እንናዘዝ። እኛም የቶዮታ ልጆች ነን። ትምህርት ቤት የተመላለስነው በቶዮታ ሚኒባስ ነው፤ ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ለሦስት በተሠራው ወንበር ላይ አራት ሆነን። ዩኒቨርሲቲም ያደረሰን እሱው ነው። ሠርግ የሄድነው፣ ለቅሶ የደረስነው፣ ክፍለ ሀገር ዘመድ የጠየቅነው በዚያው ነው፤ «ዶልፊን» በሉት «አባዱላ»፣ ፋብሪካው አንድ ነው። ከመካከላችን የአንዳችን አጎት ያላቸው ዲኤክስ ደግሞ እኛ ሳንወለድ የተሠራች ኮሮላ ነች። እኛ ተምረን፣ ተመርቀን፣ በጋዜጠኝነት ዲግሪ ጭነን ሥራ ስንፈልግ፣ ዲኤክሷ ምንም ሳትማር ዋጋዋ በየዓመቱ ጨመረ። ቅናት ያለብን ከመሰላችሁ አልተሳሳታችሁም።

ባለቤቶቹን ጠይቁ። የሚኒባሱ ሹፌር «መለዋወጫዋ እንደ በርበሬ በየሱቁ አለ፤ ሶማሌ ተራ ወርደህ የምታጣው የለም» ይላችኋል። ባለዲኤክሱ «ሞተሯን ማንም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል» ይላል። ቪትዝ የያዘችው የባንክ ሠራተኛ «ነዳጅ በማንኪያ ነው የምትጠጣው» ትላለች። ዕድሜውን በእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር ላይ የጨረሰው ሹፌር ደግሞ «በረሃ ላይ ጥላኝ አታውቅም» ብሎ እንደ ታማኝ ፈረሱ ያወራላታል። ሁሉም እውነታቸውን ነው። አራቱም ግን ወሬያቸውን የሚጨርሱት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ደግሞ ስትሸጣት ብር ናት።»

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያዙልን። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እኛ አገር ቶዮታ መኪና መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ባንክ ሆኗል። ብሩ በየዓመቱ ሲቀልልበት ገንዘቡን ብረት ላይ የሚያስቀምጠው ሰው አልተሳሳተም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል ያ ሰው ከሁላችንም የተሻለ እንቅልፍ ሳይተኛ አይቀርም። ነገር ግን መኪናን እንደ ባንክ ደብተር የሚያይ ሰው ኮፈን አይከፍትም። የባንክ ደብተር ፍሬን አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ሊብሬው ንጹሕ ነው? ቀለሟ የፋብሪካ ነው? ስንት ትሸጣለች? በቃ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ለሌላው ሁሉ እናስታውሳለን፤ ለቶዮታ ሲሆን ይጠፋናል።

አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። ከመካከላችን አንዷ ዕቁብ ደረሳት፤ ቤተሰብም ጨመረላት፤ ቪትዝ ገዛች። ደስታዋ የሁላችንም ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እየወጣን ንፋስ እንቀበል ጀመር። አንድ ቀን መሪዋ ሲከብዳት ሰፈር ያለ ጋራዥ ወሰደቻት። መካኒኩ ክሩስኮቶውን ፈታ፣ ወደ ውስጥ አየ፣ ከዚያ ሳቀ። «እህቴ፣ ይቺ መኪና እኮ ስትወለድ መሪዋ በቀኝ ነበር።» ከሥር የተበየደ ብረት አሳያት፤ በፕላስተር የተጠቀለለ የሽቦ ክምር አሳያት። «ኤርባጉስ?» አለችው። መሪው መሃል ያለውን ክዳን አነሳው። ክዳኑ አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው። ሻጩ ጋ ስትደውል ያገኘችው መልስ ምን መሰላችሁ? «ምን ሆንሽ? ቶዮታ እኮ ናት!»

ይህ የአንዲት ጓደኛችን መጥፎ ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ አንጽፈውም ነበር። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ስትወጣ ስሟ የጃፓን ገበያ ስም ነበር፤ ያቺው መኪና ለአውሮፓ ስትላክ ያሪስ ተባለች። ጃፓኖች መንገዱን በግራ በኩል ይዘው ይነዳሉ፤ ስለዚህ መሪያቸው በቀኝ ነው። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ በኩል እንነዳለን፤ ስለዚህ መሪያችን በግራ ነው። እንግዲህ ጀርባዋ ላይ «ቪትዝ» ተጽፎ መሪዋ በግራ የሆነችዋ መኪና መሃል መንገድ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ዱባይ፣ የሰው እጅ ገብቶባታል ማለት ነው። ክሩስኮቶው ተቆርጧል፤ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተሻግሯል፤ የፍሬን ፔዳሉም አብሮ ተሻግሯል። በደንብ የተሠራ አለ፤ እንደነገሩ የተሠራም አለ። የትኛው እንደሆነ ከውጭ አይታይም። ቶዮታ የሚባለው ድርጅት ያቺን መኪና እንደዚያ አልሠራትም፤ እንደዚያ ሆና ምን ያህል እንደምትጠብቃችሁም ዋስትና አልሰጠም። እኛ ግን የእሱን ስም ለዱባዩ በያጅ አውሰነዋል።

በዚህ አላበቃም። የቶዮታ ራሱ ሥራ የሆነውስ? እ.ኤ.አ. በ2015 ድርጅቱ ታካታ በተባለ ኩባንያ የተሠሩ ኤርባጎች ስላሉባቸው ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ጠርቶ ነበር፤ ኮሮላና ቪትዝ ከተጠሩት ውስጥ ናቸው። ችግሩ ምን ነበር? ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሻል፤ ከዚያ በግጭት ጊዜ ከመንፋት ይልቅ ይፈነዳል፤ የብረት ቁርጥራጭ ወደ ሹፌሩ ፊትና አንገት ይረጫል። በዓለም ላይ ከ20 በላይ ሰዎች በዚህ ሞተዋል። ታካታ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ደግሞ ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ላሉ 50,000 ያህል ያረጁ መኪኖች ባለቤቶች «እስኪጠገን ድረስ ጨርሶ አትንዱ» አለ። የእነማን ሞዴሎች? የ2003 እና የ2004 ኮሮላዎች አሉበት። እዚህ «ገና ልጅ ናት» እየተባለች የምትሸጠዋ ኮሮላ ማለት ነው።

አሜሪካ ያለው ባለቤት ደብዳቤ ደረሰው። ጃፓን ያለውም ደረሰው። በሦስተኛ እጅ፣ በዱባይ በኩል፣ በጅቡቲ አድርጋ አዲሱ ገበያ የደረሰችዋ መኪና ባለቤትስ? ማን ይጽፍለታል? በየትኛው አድራሻ? አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ችግር የለም የሚል አይጠፋም። ጥሩ፤ ሙቀትና እርጥበት የበዛበት ቦታ የባሰ መሆኑ እውነት ነው። መኪናዋ ግን እዚህ ከመድረሷ በፊት የት የት ከረመች? ነገስ ተሸጣ ጋምቤላ ወይም ሰመራ እንደማትሄድ ማን ያውቃል?

አሁን ወደ ታሪኩ እንሂድ፤ ምክንያቱም ታሪኩ የእኛ ሰፈር ታሪክ ነው ብንላችሁ ትስቁብን ይሆናል።

ቶዮታ የተጀመረው በሸማኔ ቤት ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1867 የተወለደ የአናጢ ልጅ ነበር፤ የመንደሩ ሴቶች እየለፉ ሲሸምኑ እያየ አደገና ገና በሃያዎቹ ዕድሜው የእንጨት የሽመና ዕቃ አሻሽሎ ሠራ። ዕድሜውን ሙሉ እሱኑ ሲያሻሽል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1924 የደረሰበት መሣሪያ በዓለም ላይ ስሙን አስጠራው፤ መወርወሪያውን ሳይቆም ይቀይራል፣ ክር ሲበጠስ ደግሞ ራሱን ያቆማል። ልብ በሉ፤ ራሱን ያቆማል። አንድ ክር ተበጥሶ ሸማው እንከን ይዞ እንዲቀጥል አይፈቅድም። በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ የዚህን መሣሪያ መብት በ100,000 ፓውንድ ገዛ። ልጁ ኪይቺሮ ደግሞ በ1933 በዚያው በሽመና መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ፤ በ1937 የቶዮታ ሞተር ኩባንያ ለብቻው ቆመ።

መጀመሪያ ላይ የሠሩት ሁሉ ያማረ እንዳይመስላችሁ። በ1935 ያወጡት የጭነት መኪና መንገድ ላይ እየተበላሸ አሳፍሯቸዋል። በ1950 ለመክሰር ጥቂት ቀርቷቸው ሠራተኛ አባረሩ፤ ሠራተኛው አድማ መታ፤ ኪይቺሮ ራሱ ከሥልጣን ወረደ። ያወጣቸው የኮሪያ ጦርነት ነው፤ የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና አዘዛቸው። በ1957 «ክራውን»ን አሜሪካ ወስደው በዚያ አገር ፈጣን መንገድ ላይ አቅም አነሳት፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ መላኩን አቆሙ። ኮሮላ የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1966 ነው። በ2021 የተሸጡት ኮሮላዎች ከ50 ሚሊዮን በለጡ። ሚስጥሩን ራሳቸው አልደበቁትም፤ ከአባትየው የሽመና መሣሪያ የተማሩት ነው። በፋብሪካቸው ውስጥ ማንኛውም ተራ ሠራተኛ እንከን ካየ ገመድ ስቦ ምርቱን ማስቆም ይችላል። ክሩ ሲበጠስ ይቆማል።

ይህን ሲዘነጉትስ? ዋጋውን ከፍለዋል። በ2009 እና በ2010 ሳይታሰብ በሚፈጥኑ መኪኖች ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ጠሩ፤ የኪይቺሮ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ አሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2014 ድርጅቱ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። በ2022 አዲሷን የኤሌክትሪክ መኪናቸውን ቢዚፎርኤክስን ገና በወጣች በወራት ውስጥ ጎማዋ ሊወልቅ ይችላል ብለው ጠሩ። በ2024 ደግሞ የደኅንነት ፍተሻ ላይ ደንብ መጣሳቸውን ራሳቸው አምነው የሦስት ሞዴሎችን ምርት አቆሙ። ቶዮታ መልአክ አይደለም። ከሌላው የሚለየው ነገር ቢኖር ሲሳሳት «ቁም» የሚል ሰው፣ ሕግና ገዢ ያለበት አገር ውስጥ መሸጡ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ የለም። እኛ ጋ የሚደርሰው ስሙ ብቻ ነው።

አሁን ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ ውረዱ። ግራና ቀኙ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ነው፤ ለሠርግ፣ ለጥምቀት፣ ለምርቃት ሁላችንም የምንሄድበት። ከሱቁ ጀርባ ባሉት ቤቶች ውስጥ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ድሩንና ማጉን ያገናኛል። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። በእጃቸው ላይ ያለው ጥበብ ከማንም አያንስም። የተቀመጡበት መሣሪያ ግን ሳኪቺ ሊያሻሽለው ከተነሣበት ብዙም አልራቀም። ለምን? አእምሮ ስላነሳቸው ነው? አፍ የለንም እንዴ፣ እንናገረው! ሸማኔን ስንሰድብ ስለኖርን ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ስድቡ ስለበዛ ነበር። ጃፓን ውስጥ የአናጢ ልጅ የሽመና ዕቃ ሲያሻሽል የሚገዛው፣ የሚያበድረው፣ ስሙን የሚጠራለት አገኘ። እኛ ጋ ባለ እጁ ያገኘው ቅጽል ስም ነው። ከዚያ ዞር ብለን የሸማኔ ቤት የወለደውን መኪና «ብር ናት» እያልን እንሳለማለን።

ጃፓንን የማድነቅ ልማዳችንም አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ተመልሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጻፉ። በ2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓኖችን ካይዘንን አስተምሩን አሉ፤ 30 ፋብሪካዎች ተመርጠው ተሞከረባቸው፤ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ቁም ነገር ነበር፤ ከልቡ የሠራበትም አለ። አብዛኞቻችን የምናውቀው ካይዘን ግን የመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ነው፤ ከሥሩ የተቀመጠው ሠራተኛ «ይህ ስህተት ነው፣ ይቁም» ቢል ምን እንደሚጠብቀው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማድነቁን ችለንበታል። የቀረን ገመዱን መሳብ ነው።

«እናንተ ልጆች፣ ሆድ ሞልቷችሁ ነው፤ ሰው ምን ምርጫ አለው?» የሚለን እንዳለ እናውቃለን። ጥያቄው ትክክል ነው፤ አንሸሸውም። ያገለገለ መኪና ላይ የተጣለው ኤክሳይዝ ታክስ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ከባድ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል አይገባም ብሎ አሳወቀ። አዲስ መኪና የሚገዛ ደመወዝ ከኛ መሃል የለንም። ለዚህ እኮ ነው የምንጮኸው! አዲስ የነዳጅ መኪና አይገባም ማለት እነዚህ ያሉት ቪትዞች፣ ኮሮላዎች፣ ሚኒባሶች ገና ለብዙ ዓመት ከኛ ጋር ያረጃሉ ማለት ነው። ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ፤ በመጨረሻ የሚደርሱት ደግሞ ገንዘቡ ለሚያንሰው፣ ማለትም ለእኛ ነው። ሀብታሙ ኤሌክትሪኩን ገዝቶ ይሄዳል። ፍሬኗ የላላ፣ ኤርባጓ የጎደለ መኪና ከእንጦጦ ቁልቁል ይዞ የሚወርደው ዕቁብ ደርሶት የገዛው ነው። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ገዢው ብቻ አይደለም ያለው፤ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አሉ። እነሱ ቶዮታ አልገዙም።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር አለ። ቶዮታ ያንን ቁጥር አስገብቶ መኪናው ተጠርቶ እንደሆነ የሚታይበት ገጽ በኢንተርኔት ከፍቷል፤ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ፌስቡክ ላይ ከምናጠፋው ያንሳል። ከመግዛታችሁ በፊት ቀብድ ሳይሆን መካኒክ ይቅደም፤ ክሩስኮቶው ይፈታ። ሻጩ «አይፈታም» ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። ቦሎ የሚለጥፈው ተቋም ደግሞ በየዓመቱ መኪናዋን እያየ መሪዋ መዞሩን፣ ኤርባጓ መኖሩን ቢመዘግብና ሊብሬው ላይ ቢጽፍ ምን ይጎድልበታል? ጭሱን የሚለካው እጅ ይህንንም መለካት ይችላል። የመኪና አስመጪዎችም ስሙን ሲሸጡ የኖሩበትን መኪና ሲጠራ አብረው ይጥሩት።

ባለቤቶቹ ይቀየሙን ይሆናል። የጓደኛችን ቪትዝ ዛሬም አለች፤ ልትሸጣት አስባ ነበር። ዋጋዋ ከገዛችበት ጨምሯል፤ ገዢም አልጠፋም። አንዱ መጥቶ «ምንድን ናት?» አላት። «ቶዮታ ናት፣ ግን መሪዋ የዞረ ነው፣ ኤርባግ የላትም» አለችው። ሰውዬው ሳቀና «ይህንን ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ፣ ዋጋዋን ታወርጂያለሽ» ብሎ መከራት። ሊገዛት ግን አሁንም ዝግጁ ነበር። አልሸጠችለትም። ጅል ናት ያሏት ብዙ ናቸው። እኛ ግን እስካሁን ጉለሌ ውስጥ ገመዱን የሳበ ሰው ያየነው እሷን ብቻ ነው።

ለነገሩ እኛም ገመድ አጥተን አይደለም። በየቀኑ የምንሳፈርበት ያ አሮጌ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሙዚቃው ቢጮህ፣ ሹፌሩ ቢጣደፍ፣ አሥራ ስድስት ሰው ቢታጨቅ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን ድምፅ «ወራጅ አለ!» ካለች መኪናው ይቆማል። ሹፌሩ ቢያጉረመርምም ይቆማል። ያቺን ድምፅ መኪና ስንገዛም፣ ስንሸጥም፣ ቦሎ ስንለጥፍም እናውጣት።

ወራጅ አለ።